ለፈረስ እርሻ የመጀመሪያ ትራክተር ስትገዙ፦ እኛን ያስከፈለን እናንተን እንዳያስከፍላችሁ

ከከተማ ወጣ ብለው መሬት የገዙ ወዳጆቼ ሲደውሉልኝ ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት የፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር ልግዛ?» የሚል ነው። እኔ ደግሞ መልሼ «በሳምንት ውስጥ ከምታነሱት ዕቃ ሁሉ ከባዱ ስንት ይመዝናል?» እላቸዋለሁ። ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። እኛም ስንጀምር ይህን የሚጠይቀን ሰው አላገኘንም። የማይሆን ማሽን ገዛን፣ ገንዘብ ከሰርን፣ አንድ ቀን ደግሞ ከገንዘብ የሚብስ ነገር ሊደርስብን ነበር። ያየነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ቨርጂኒያ ውስጥ ፎኪር ካውንቲ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ምዕራብ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። አካባቢው የታወቀ የፈረስ አገር ነው። ያለን 12 ኤከር ተዳፋት የበዛበት መሬት፣ አንድ አነስተኛ ጋጣና አራት ፈረሶች ናቸው። ሁለቱ የራሳችን ናቸው። ሁለቱን ደግሞ ባለቤቶቻቸው በየወሩ እየከፈሉን እናኖርላቸዋለን።

ፈረስ ለእኔ አዲስ አይደለም። ያደግኩት አዊ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለበት፣ ጥር 23 ሲመጣ ፈረሰኛው በቀለም ባሸበረቀ ዕቃ አጊጦ የሚወጣበት አገር ነው። ፈረስ መያዝ፣ ማብላት፣ መጋለብ ከልጅነቴ አውቃለሁ። የማላውቀው ፈረስን በአጥር በተከለለ ትንሽ መሬት ላይ ዓመቱን ሙሉ ማኖር ምን ያህል ጉልበት እንደሚበላ ነው።

1,000 ፓውንድ (450 ኪሎ ገደማ) የሚመዝን ፈረስ ፋንድያውና ሽንቱ ተደምሮ በቀን ወደ 50 ፓውንድ ያወጣል። በዓመት ከ8 ቶን በላይ ማለት ነው። ከሥሩ የሚነጠፈው ሰጋቱራ ገና አልተቆጠረም። ይህን በአራት አባዙት። የመጀመሪያውን ዓመት በመንሽና በእጅ ጋሪ ተወጣነው። የብርዱ ወራት አልፎ በረዶው ሲቀልጥ የቨርጂኒያ ቀይ አፈር ሸክላ ነውና የጋሪውን ጎማ ይውጣል። ባለቤቴ ወገቧን ታመመች። ያኔ ትራክተር የግድ ሆነ።

በእጃችን የነበረው ገንዘብ ትንሽ ነበር። አዲስ ትራክተር ከነሎደሩ (ከፊቱ ካለው ዕቃ ማንሻ ክንድ ጋር) ከ20 ሺህ እስከ 30 ሺህ ዶላር ሲጠሩብን ደነገጥን። ስለዚህ በማስታወቂያ ያየነውን፣ ዋጋው ከዚያ እጅግ ያነሰ አሮጌ ትራክተር ገዛን። ቀለሙ አዲስ ተቀብቷል። ሲነሳ ድምፁ ያምራል። ከፊቱ ሎደር ተገጥሞለታል። ሻጩ 20 የፈረስ ጉልበት እንዳለውና ለአራት ፈረስ ከበቂ በላይ እንደሆነ ነገረን።

በኋላ እንደተረዳነው ትራክተሩ እዚህ አገር «ግራጫ ገበያ» ከሚባለው የመጣ ነው። እነዚህ ጃፓን ውስጥ ለጃፓን ገበሬ ተሠርተው ሲያረጁ በአስመጪ የሚገቡ ናቸው። ብዙዎቹ ሞተራቸው ጠንካራ ነው፤ ማሽኑን መናቅ አልፈልግም። ችግሩ ሌላ ነው። ሞዴሉ አሜሪካ ውስጥ በኩባንያው በኩል ስላልተሸጠ ዲለሩ (የኩባንያው ወኪል ሻጭ) መለዋወጫ አይዝለትም። በመሣሪያዎቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ጃፓንኛ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የእኛው ከሾፌሩ ጀርባ የሚቆመው የብረት ቅስት የለውም። ትራክተር ሲገለበጥ ሰው እንዳይጨፈለቅ የሚያደርገው ይህ ቅስት ነው። እዚህ «ሮፕስ» ይሉታል። አሜሪካ ውስጥ ከ1985 ወዲህ አዲስ የሚሸጡ ትራክተሮች ይዘውት ይመጣሉ። ስለዚህ አንድ ትራክተር ቅስቱ ከሌለው ወይ በጣም አሮጌ ነው፣ ወይ ከሌላ ገበያ የመጣ ነው፣ ወይ ሰው አውልቆታል። ሦስቱም ቆም ብላችሁ እንድትጠይቁ የሚያደርጉ ምክንያቶች ናቸው።

በየካቲት ነው። ፈረሶቹ ያሉት ከላይኛው መስክ ላይ ነው። ክብ የድርቆሽ ጥቅል ላደርስላቸው ተነሳሁ። አራት ጫማ በአምስት ጫማ የሆነው ጥቅል ከ800 እስከ 1,000 ፓውንድ ይመዝናል። ዝናብ ከነካው ከዚያም ያልፋል። ሎደሩ እንደምንም አነሳው። መንገዱን ለማየት ብዬ ከፍ አድርጌ ያዝኩትና ተዳፋቱን አግድም ስሻገር አንዱ የኋላ ጎማ ከመሬት ተነሳ። ፍሬን ረገጥኩ፤ ምንም የለም። የእነዚህ ትናንሽ ትራክተሮች ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው፤ አንዱ አየር ላይ ሆኖ ሌላውም ከቀለለ ፍሬኑ ምን ይይዛል? እጄ የሎደሩን ማንሻ ወደ ታች ገፋው። ጥቅሉ መሬት ሲነካ ትራክተሩ በጎማዎቹ ላይ ተመልሶ ቆመ። ቁልፉን አጥፍቼ ወረድኩ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አጥራችን የሚዋሰናቸው አንድ ሽማግሌ ገበሬ አሉ። ዕድሜያቸውን በከብትና በድርቆሽ ያሳለፉ ሰው ናቸው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፤ ትርጉሙን ነግሬአቸው ወደውታል። ከአጥሩ ማዶ ሆነው አይተውኝ ኖሮ ቀስ ብለው መጡ። አልተቆጡም። ትራክተሩ አጠገብ ተንበርክከው የፊቱን አክሱል አሳዩኝ። አክሱሉ መሃሉ ላይ በአንድ ፒን ታስሮ ግራና ቀኝ እንዲወዛወዝ ሆኖ ነው የተሠራው። ስለዚህ ትራክተሩን በጎን ከመውደቅ የሚያስቀሩት የኋላ ጎማዎች ናቸው። ከፊት ከባድ ነገር ስታነሱ ኋላው ይቀላል። ሸክሙ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ለመገልበጥ የሚያስፈልገው ጎርባጣ እያነሰ ይሄዳል። «ሸክምህን ዝቅ፣ ክብደትህን ከኋላ፣ ዳገቱን ፊት ለፊት» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያለ ኋላ ክብደት ሎደር አልነካም። ኮንክሪት የተሞላ ሳጥን ሊሆን ይችላል፤ ከባድ የኋላ መሣሪያም ይሆናል። ብቻ ባዶ መሆን የለበትም።

ያ ትራክተር ብዙ አልቆየም። የሃይድሮሊክ ፓምፑ ተበላሸ። መለዋወጫው በትዕዛዝ ነው የሚመጣው፤ እሱን ስንጠብቅ ሣሩ የሚታጨድበት ወቅት አለፈ። ለሌላ ሰው ከፍለን አሳጨድን። ከተሠራ በኋላ ጉድለቱን አንድም ሳንደብቅ በጽሑፍ ዘርዝረን፣ ቅስት እንደሌለው ጭምር ነግረን፣ ሜዳማ የአትክልት ቦታ ላለው ሰው በርካሽ ሸጥነው።

ሁለተኛውን ለመግዛት ስንነሳ ጋሼ ያሉን ነገር ሁሉን ቀየረው። «ወደ ዲለር ከመሄዳችሁ በፊት ሥራችሁን በወረቀት ጻፉ» አሉን። ጻፍን። ፋንድያ በየቀኑ። ድርቆሽ በየሳምንቱ። ግጦሹን ማጨድ በበጋ። የመጋለቢያውን አሸዋ ማስተካከል። በረዶ መጥረግ አንዳንዴ። የአጥር ቋሚ ጉድጓድ አልፎ አልፎ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ጎን ክብደቱን አሰፈርን። ያኔ ግልጽ ሆነልን። ከሥራዎቹ አብዛኛዎቹን ማንኛውም ትንሽ ትራክተር ይሠራቸዋል። የትራክተሩን መጠን የሚወስነው ድርቆሹ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ አስቡበት። የሎደር ማንሻ አቅም በወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለው። አንዱ ክንዱ ጫፍ ላይ ካለው ፒን የተለካ ነው፤ ትልቁ ቁጥር እሱ ነው፣ ማስታወቂያ ላይ የሚወጣውም እሱ ነው። ሌላው ከፒኑ 50 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት የተለካ ነው። ዕቃችሁ የሚቀመጠው ከፒኑ ላይ ሳይሆን ወደ ፊት ወጣ ብሎ ስለሆነ ለእናንተ የሚሠራው ሁለተኛው ነው። ሹካ ወይም የድርቆሽ መውጊያ ጦር ስትገጥሙ ደግሞ የመሣሪያው ክብደት ራሱ ከአቅሙ ላይ ይቀነሳል። ሻጩን «ከፒኑ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ እስከ ሙሉ ከፍታው ስንት ያነሳል?» ብላችሁ ጠይቁት። የማይመልስ ሻጭ ካጋጠማችሁ ወደ ሌላው ሂዱ።

እኛ ቁጥሩን ስናየው ባለ 1,000 ፓውንዱን ጥቅል በፊት ሎደር ለማንሳት ከአቅማችን በላይ የሆነ ትልቅ ትራክተር ያስፈልገን ነበር። ሁለት ነገር አደረግን። አንደኛ፣ ድርቆሽ የሚሸጥልንን ገበሬ አነስ ያለ ጥቅል እንዲያስርልን ጠየቅነው፤ እሺ አለን። ሁለተኛ፣ ጥቅሉን በፊት መሸከም ትተን ከኋላ በባለሦስት ነጥብ ማያያዣው (መሣሪያ በሦስት ቦታ ተይዞ በሚነሳበት) ላይ በሚገጠም ጦር መሸከም ጀመርን። የትንንሽ ትራክተሮች የኋላ ማያያዣ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ሎደሩ የበለጠ ያነሳል። ሸክሙም ወደ መሬት ዝቅ ብሎ ከትልቁ ጎማ ጀርባ ይቀመጣል። ዳገት ስትወጡ ግን ፊቱ እንዳይነሳ የሎደሩ አካፋ (ባኬቱ) ላይ ትንሽ ክብደት አድርጉ። እነዚህ ሁለት ለውጦች በብዙ ሺህ ዶላር የሚወደድ ትራክተር ከመግዛት አዳኑን።

ስለ ሞተሩ ባጭሩ ልበል። ዲለር ቤት የሚለጠፈው የፈረስ ጉልበት የሞተሩ ነው። ማጨጃ የሚያዞረው ግን ከኋላ በሚወጣው ዘንግ፣ ፒቲኦ በሚባለው ላይ የሚደርሰው ነው። እሱ ሁልጊዜ ያንሳል። ለ5 ጫማ ማጨጃ በፒቲኦው ላይ 20 የፈረስ ጉልበት ገደማ ካላችሁ ለተራ የግጦሽ ሣር ይበቃችኋል። ሌላው ማወቅ ያለባችሁ የ25 የፈረስ ጉልበት ድንበር ነው። ከዚያ በላይ የሆኑ አዳዲስ የናፍጣ ሞተሮች በአሜሪካ የጭስ ሕግ ምክንያት በአብዛኛው የጥቀርሻ ማጣሪያ ይገጠምላቸዋል። ማጣሪያው በየጊዜው በከፍተኛ ሙቀት ራሱን ያቃጥላል። ትራክተሩ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ብቻ እየሠራ የሚጠፋ ከሆነ ይህ ሥራው እየተቋረጠ ያስቸግራል። ከ25 በታች የሆኑት ይህ የለባቸውም። ገበያው ላይ 24 እና ነጥብ ምናምን የሚሉ ብዙ ሞዴሎች የምታዩት ለዚህ ነው። እኛም ከዚያ ወገን መረጥን። ክብደቱና ሎደሩ ጥሩ ከሆነ ለትንሽ የፈረስ እርሻ ብልህ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ።

ማርሽ ወይስ ሃይድሮስታቲክ የሚለው ለእኔ ክርክር የለውም። ሃይድሮስታቲኩ በአንድ ፔዳል ወደ ፊት ወደ ኋላ ይላል፤ ፍሪሲዮን መርገጥ የለም። ከሞተሩ ጉልበት ጥቂት ይወስዳል። ነገር ግን በጋጣ ውስጥ፣ በበር መካከል፣ ፈረስ አጠገብ ስትሠሩ ቀኑን ሙሉ ወደ ፊት ወደ ኋላ ነው። ባለቤቴ በማርሹ ትራክተር አንድም ቀን ተመችቷት አታውቅም ነበር። አሁን ከእኔ በላይ የምትነዳው እሷ ናት። ባለ አራት ጎማ ነጂ መሆኑ ግን ግዴታ ነው፤ ለጭቃው ብቻ አይደለም፤ ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማዎቹም አብረው እንዲይዙ ያደርጋል። ጎማውን በተመለከተ፣ ጥርሱ ትልቅ የሆነው የእርሻ ጎማ ጭቃ ላይ ይበልጣል፤ ሣር ግን ይቦጫጭራል። እኛ መካከለኛውን ወሰድን። የኋላዎቹን በፈሳሽ አስሞላናቸው። ተራ ውኃ በብርድ ስለሚረጋ የማይረጋ ፈሳሽ ይሞላል፤ ስኳር ከሚወጣበት ሥር (ሹገር ቢት) የሚገኘው ጭማቂ የጎማውን ቸርኬ አያዝግም፣ ጥሩ ነው።

ኩቦታ፣ ጆን ዲር፣ ኪዮቲ፣ ማሂንድራ፣ አገር ቤት የምናውቀው ማሲ ፈርጉሰንም አለ። ሰው ስለ ብራንድ ሲከራከር እሰማለሁ። እኔ የምለው ለቤታችሁ የሚቀርበውን ጥሩ ጋራዥ ፈልጉ ነው። ቅዳሜ የሚከፍት፣ መካኒክ ቤት ድረስ የሚልክ፣ ፊልትሮና ቀበቶ መደርደሪያው ላይ ያለው። ከመግዛታችሁ በፊት ወደ መለዋወጫ ክፍሉ ግቡና ለምታዩት ሞዴል የናፍጣ ፊልትሮ ጠይቁ። እዚያው ከሰጧችሁ ጥሩ ምልክት ነው።

ስለ ክፍያም አንድ ነገር። «ዜሮ ወለድ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ታያላችሁ። እውነት ነው፤ ወለድ የለውም። ግን ብዙ ጊዜ በካሽ ለሚከፍል ሰው የሚደረገው ቅናሽ ለዜሮ ወለዱ አይሰጥም። ስለዚህ ሁለቱንም ዋጋ በወረቀት አስጽፉ፤ ከዚያ የባንክ ብድርን ወለድ ደምራችሁ አወዳድሩ። በብድር ከገዛችሁ ኢንሹራንስ ይጠየቃል። የቤት ኢንሹራንሳችሁ ትራክተሩን ይሸፍናል ብላችሁ አታስቡ፤ ደውላችሁ ጠይቁ። በተለይ የሰው ፈረስ የምትይዙ ከሆነ።

ገንዘባችሁን በሙሉ ትራክተሩ ላይ አትጨርሱ። ያለ መሣሪያ ምንም አይሠራም። እኛ በቅድሚያ የገዛነው የሹካ ጥርስ፣ ማጨጃ፣ መሬት ላይ የሚጎተት የሰንሰለት መረብና አፈርና አሸዋ የሚያስተካክል መሬት መላጊያ ሳጥን ነው። መላጊያው ከባድ ስለሆነ ለሎደሩ የኋላ ክብደትም ይሆናል። የባኬቱ ማያያዣ በእጅ ማንሻ ቶሎ የሚፈታ መሆኑን አረጋግጡ፤ ፒን በመዶሻ እየመታችሁ መሣሪያ የምትቀይሩ ከሆነ መቀየር ትተዋላችሁ። መቆፈሪያ ክንድ ግን ለትንሽ የፈረስ እርሻ አልመክርም። በዓመት አንዴ ሲያስፈልግ ተከራዩ። የፋንድያ መበተኛውን በኋላ ገዛነው፤ ትኩሱን ፋንድያ ፈረስ የሚግጥበት መስክ ላይ መበተን የሆድ ትል ስለሚያሠራጭ መጀመሪያ ክምር እናደርገዋለን። በሎደሩ እየገለበጥን ውስጡ ከ55 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ የትሉ እንቁላል ይሞታል። ይህን ሥራ በእጅ መሥራት የማይታሰብ ነው፤ ትራክተሩ በእውነት ዋጋውን የመለሰልን እዚህ ላይ ነው።

አሮጌ የምትገዙ ከሆነ ሻጩን ሞተሩን ሳያሞቅ እንዲጠብቃችሁ ንገሩት። ስትደርሱ ሞተሩን በእጃችሁ ዳስሱት፤ ከሞቀ ለምን እንደሞቀ ጠይቁ። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ሰማያዊ ጭስ የማይቆም ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ባኬቱን በሸክም አንስታችሁ ሞተሩን አጥፉና ትንሽ ጠብቁ፤ ቶሎ ከወረደ ሃይድሮሊኩ ያፈስሳል። ከባኬቱ ሥር ግን ማንም እንዳይቆም። ፒቲኦውን አስነሱ፣ አራቱንም ጎማ አስገብታችሁ ንዱት። የሴሪ ቁጥሩን ይዛችሁ ዲለር ጋ ደውሉ፤ መለዋወጫ አለው ወይ፣ ለየትኛው አገር ነው የተሠራው ብላችሁ ጠይቁ። ባንክ ዕዳ እንዳለበትም አጣሩ። ገንዘቡን የምትሰጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ በተለይ ልጆች ያሏችሁ። ቅስቱ ቆሞ ሳለ ቀበቶውን እሰሩ። ቅስቱ ከታጠፈ ቀበቶ አትሰሩ፤ ያኔ ከማሽኑ ጋር ይይዛችኋል። ጋጣ ለመግባት ቅስቱን አጥፋችሁ ዝቅ ካደረጋችሁት ስትወጡ መልሳችሁ አቁሙት። ፒቲኦው በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ ዘጠኝ ጊዜ ነው። ነጠላ፣ ጋቢ፣ የጃኬት ገመድ ከያዘ ለማውለቅ ጊዜ አይሰጥም። ሞተሩን ሳታጠፉ ከወንበር አትውረዱ። ልጅን ጭን ላይ አድርጎ መንዳት አገር ቤት በበቅሎ እንደምናደርገው የፍቅር ነገር ይመስላል። እባካችሁ አታድርጉት። ቅስት የሌለው አሮጌ ትራክተር ያላችሁ ደግሞ በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ለመግጠሚያው ከወጪው ትልቁን ክፍል የሚመልስ ፕሮግራም አለ፤ የካውንቲያችሁን የግብርና ኤክስቴንሽን ቢሮ ጠይቁ። ቢሮው የአፈርና የግጦሽ ምክርም ይሰጣል።

ትራክተሩ ቤት ሲደርስ ለፈረሶቹም ጊዜ ስጧቸው። እኛ ሞተሩ ጠፍቶ መስኩ ዳር አቆምነውና እዚያው አጠገቡ መኖ ሰጠናቸው። ከዚያ ከሩቅ አስነሳነው። አንዷ ባዝራ ብዙ ቀን ፈራች፤ አላስቸኮልናትም። አዲስ ከገዛችሁ የመጀመሪያውን ሰርቪስ በ50 ሰዓት አካባቢ አስደርጉ፤ መጽሐፉ የሚለውን ተከተሉ። ግራሶ ማጠጣት ለትንሽ ማሽንም ቢሆን መቅረት የለበትም። ገንዘቡ ገና ካልሞላ ደግሞ አንድ ወቅት ለጎረቤት ከፍላችሁ አሳጭዱ፣ ፋንድያውን በኮንቴይነር አስወስዱ። እስከዚያው ሥራችሁን ከነክብደቱ እየጻፋችሁ ቆዩ።